ይሄኛው ቀይ ሥር አይደለም

ሰብሪና የጥርስ ሳሙናውን ግቢው ቧንቧ ሥር ስትተፋው አረፋው ሮዝ መሰለ። ተጉመጥምጣ ደግማ ተፋች። አሁን ቀይ ነው።

ጠዋት አክስቷ ሐቢባ ግንባሯን ዳሰስ አድርጋ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀሽ!» ብላ ላንቻ ወዳለው ጨርቅ ሱቋ ሄዳለች። እውነትም ለቋታል። ከድሬዳዋ፣ ከእናቷ ዘንድ ከርማ በተመለሰች ማግስት የያዛት ትኩሳት አምስት ቀን አጥንቷን ሲፈልጠው ሰንብቶ ዛሬ ጥሏት ወጣ። ግቢው ጭር ብሏል። ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው ተብሎ ግማሹ ጎረቤት ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ የቀረውም ሥራ ላይ ነው።

ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ቅልጥሟ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በጣቷ ስትጫናቸው አይደበዝዙም። ሆዷን ደግሞ ቁርጥ ያደርጋታል።

የክፍል ጓደኛዋ አርዋ ጋ ደወለች።

«አርዋ፣ ድዴ እየደማ ነው።»

«ጀመረች ደግሞ! ቀይ ሥሩ አላለቀም እንዴ?»

«የምሬን ነው። ወላሂ!»

«ወላሂ ብለሽ አይደል የድሬ ትንኝ ድመት ነጥቃ በረረች ያልሽን? በቃ፣ ቀደዳሽን ለሰኞ አቆዪው።» ስልኩ ተዘጋ።

አርዋ አይፈረድባትም። አምና በሒሳብ ፈተና ቀን ሰብሪና ቀይ ሥር ጨምቃ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ አንዠቀዠቀችው። አክስቷ ሱቋን ዘግታ፣ በላብ ተጠምቃ ከተፍ አለች። የትምህርት ቤቱ ነርስ በጥጥ ጠረገና አሸተተው። «ይሄማ ሰላጣ ነው» አለ። ያን ቀን ሐቢባ አልጮኸችም። «ሁለተኛ በውሸት ሱቅ ብታስዘጊኝ ስልክሽን አላነሳም» ብቻ አለች።

ድሬ ሳለች በየቤቱ የምትዞር የጤና ባለሙያ፣ «ደንጊ፣ ይሄ የትንኝ በሽታ፣ ሲይዛችሁ ትኩሳቱ ለቀቀን ብላችሁ አትዘናጉ፤ ያኔ ነው የሚብሰው። ደም ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት!» ስትል፣ ሰብሪና ከኋላዋ ቆማ አፏን እያጣመመች ሰፈሩን ታስቅ ነበር። አሁን የሚስቅላት የለም።

ቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወሬው ተሰናድቶ ጨርሷል፦ ደሙ ባልዲ ሞላ፣ ሁለቴ ራሷን ሳተች፣ ጎረቤት ተሯሯጠ። አክስቷ ጋ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ጠራ። ተነሳ።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» ከሐቢባ ኋላ ጨርቅ በሜትር ይለካል፣ ገበያተኛ ይከራከራል።

«አክስቴ...» «ወላሂ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ባልዲውንም ዋጠችው። «ድዴ ደምቷል። ብዙ አይደለም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። እግሬ ላይ አሥራ አንድ ነጠብጣብ ቆጥሬያለሁ። ሆዴን ያመኛል። ራሴን አልሳትኩም።»

ሐቢባ ገበያተኛውን «ቆይ» አለችው። ሰብሪና ነገር አሳንሳ ስታወራ ሰምታ አታውቅም።

«አክስቴ?»

 ከስልኩ ውስጥ የሱቁ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ ተሰማ።