የጋሽ ግዛው አሸዋ

«አያቴ አይነሳም።»

«አልነሳም ካሉ ተያቸው ይተኙ፤ ሺፍት የለባቸው!» አስካል በስልኩ ሳቀች።

«ኖ፣ እትዬ አስካል… አይተነፍስም» አለች ሳሮን።

አስካል ሳቋን ዋጠች። የእሷና የጋሽ ግዛው ቤት ጎን ለጎን ነው። ካዚኖው በኮቪድ እስኪያሰናብታት ድረስ ሃያ ዓመት የሆቴል ክፍል ያጸዳች ሴት ናት፤ ከቆሻሻ ጋር ወሬም ጠርጋ ትሰበስባለች ይሏታል። በደጃፉ አሸዋ ላይ ያለውን ዱካ አየችና ፎቶ አንስታ፣ እንዳትረግጠው በግድግዳው ጥግ አልፋ ገባች። ጋሽ ግዛው አልጋቸው ላይ ናቸው። የኦክስጅን ማሽናቸው ከሶኬቱ ተነቅሏል።

ማታ፣ ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አራት ሰዎች ሳሎን ተቀመጡ፦ አስካል፣ የልጅ ልጃቸው ሳሮን፣ የሳሮን አጎት የሆነው ልጃቸው ናኦድ፣ የድሮ ጓደኛቸው ጋሽ ወንድይራድ።

«ጠዋት ቫኪዩም አድርገሽ ስትወጪ ማሽኑን ነቅለሽ ረሳሽው!» አለ ናኦድ። «ነገ ለፖሊስ እናገራለሁ። ፎቶው ላይ ካንቺ ዱካ በቀር የለም!»

ሳሮን ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ራሷም አምናለች።

ጋሽ ግዛው አገር ቤት ሳሉ በአንድ የጠረፍ ሰፈራ የሚሊሻ ቃኚ ነበሩ። ሌሊት ማን እንደመጣ ለማየት ደጃፋቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ላስ ቬጋስ መጥተውም አልተዉትም። የኦክስጅን ቱቦ እየጎተቱ እንኳ ማታ ማታ የደጃፉን አሸዋ ይጠርጉ ነበር።

«ሪከርድ ስታደርጊላቸው የነበረው ታሪክ የት ደረሰ?» አለች አስካል።

«ሽፍቶች ሰፈራውን ያቃጠሉ ጊዜ ላይ። ነገ ሊነግረኝ ነበር። ጋሽ ወንድይራድም እንዲሰማ ትናንት ደውሎለታል።»

አስካል ፎቶው ያለበትን ስልኳን ዘረጋች።

«እዚህ ያለው የሳሮን ዱካ ስትመለስ የገባችበት ብቻ ነው። ጠዋት የወጣችበትስ? ሰው ጠርጎታል። የሚጠርግ ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ያበቃበት ላይ ክምር ይቀራል። የጋሽ ግዛው ክምር በራቸው ሥር ነው። ይሄ አጥሩ ጋ ነው። የጠረገው ወጥቶ ሄዷል። የአሸዋውን ነገር ደግሞ ከእኛ ከአራታችን በቀር የሚያውቅ የለም።»

«አንቺስ ብትሆኚ?» አለ ናኦድ።

«እኔማ ክምሩን አፍሼ ነበር የምሄደው። የሆቴሉ ሱፐርቫይዘሬ አቧራ ካየች ሰው አልነበረችም! አንተስ እንዴት ትወጣ ነበር?»

«ሳሮን በወጣችበት ዱካ ላይ ረግጬ» አለ ናኦድ። «አባቴ ገና በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱን ነው። ዱካ የሚያጠፋ ቃኚ አይደለም፤ የጠፋበት ቦታ ራሱ ይናገራል።»

አስካል ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ ወንድይራድ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቃኚ ነበርኩ ሲሉን ኖረዋል፤ አሸዋውን የጠረጉት ግን እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ማስካቸውን አወረዱ።

«ዘብ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ፈርቼ ቦታዬን ለቅቄ ወደ ሰፈሩ ሸሸሁ። ሽፍቶቹ ዱካዬን ተከትለው ገቡ። ግዛው ሚስቱን ቀበረ፤ ግን አንድ ቀንም አልወቀሰኝም። ነገ ልጅቷ ፊት ሊናገረው ነው ብዬ ማሽኑን…»

«ስም አልጠራም ብሎኝ ነበር» አለች ሳሮን። «ትናንት። የሸሸው ገና ልጅ ነበር በይ፣ አለኝ።»

ናኦድ ተነሥቶ ቆመ።

«ያኔ ዱካህን አጥፍተህ ቢሆን ኖሮ እናቴ ትኖር ነበር!»

ወንድይራድ የፎቶውን ለስላሳ አሸዋ ትኩር ብለው አዩት።

«ያኔ ሳላጠፋ፣ ዛሬ ሳጠፋ… መቼም ጊዜውን አላውቅበትም።»