ወፍጮው ለማን ይገባል

«ታዲያ ስትመረቂ ምን ልትሸጪ ነው?» አለ ሙዘሚል የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያርቅ። «ተረት?»

ሳሎኑ ሳቀ። ናዲያ አጎቷን ቀና ብላ አላየችውም። በግድግዳው ዙሪያ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ለእሷ ዱዓ ሊያደርጉ የመጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች፤ ሰኞ የትምህርት ክፍል ትመርጣለች። የምትፈልገው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በዚህ ቤት ደግሞ ልጅ ያለ ሽማግሌ ዱዓ መንገድ አይጀምርም፤ ሽማግሌም ያላመነበትን አይመርቅም።

ሙዘሚል የአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። ወሎ ሰፈር ያለው የመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ በመስታወት አድርጎ ሰቅሎታል፤ ብሎን ሊገዛ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ አንድ ወረቀት ካገኘ ወዲያ ሌላው ሁሉ ማይም ይመስለዋል። የናዲያ አባት ሀሩን ግን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ጉርድ ሾላ ብርድ ልብስ እየሸጠ ይህንኑ ታናሽ ወንድሙን ያስተማረ ነው። አንድ ቀን ስለ ትምህርት ሲወራ ጣልቃ ቢገባ፣ «አንተ ደግሞ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ?» አለው ሙዘሚል፤ ያውም ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ሀሩን ወንድሙ ባለበት ስለ ትምህርት አፉን ከፍቶ አያውቅም።

እናቷ ሸሪፋ ቀደም ብላ ወጥ ቤት ውስጥ መክራታለች። «አካውንቲንግ ነው በያቸውና ይመርቁሽ። ምን አስጨነቀሽ?» ናዲያም እሺ ልትል ምንም አልቀራት። ለጓደኛዋ ለዘሃራ እንኳ «በቃ አካውንቲንግ ልሞላ ነው» ብላ ስልኳ ላይ ጽፋለች፤ መላኩ ብቻ ነው የቀራት።

«እስቲ ቆይ አንተ» አሉ ሀጂ ሐምዛ። ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትማሪው? አስረጂኝ።»

ናዲያ ሞከረች። ጭብጥ አለች፣ ትንተና አለች። ሀጂ ሐምዛ አዛጉ። ሙዘሚል አጠገቡ ያለውን ሰው ጠቅሶ ሙድ ያዘባት። ያኔ ማስረዳቱን ተወችው።

«ሀጂ፣ ያነበብነውን አንዱን ልንገርዎት።»

ሁለት ወንድማማቾች ናቸው አለች፤ እንግሊዝ አገር። አባታቸው ወንዝ ዳር ያለ ወፍጮ ትቶላቸው ሞተ። ታናሹ ትምህርቱን ጥሎ ወፍጮውን ያዘ፤ ከዱቄቱ በሚያገኘው ታላቁን ከተማ ልኮ አስተማረው። ታላቁ ተማረ፤ ጫማውን አስወልውሎ መጣና፣ «የአባቴ ንብረት ነው፤ ግማሹን አካፍለኝ» አለ።

«አይገባውም» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እንዴት አይገባውም? የአባቱ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ድርሻውንማ ተምሮበታል። በልቶ ጨርሶ ነው የመጣው።»

«ወፍጮው ሲሰበር ማን አስጠገነው? እሱን ንገሩኝ እስቲ።»

ሀጂ ሐምዛ ተስተካክለው ተቀመጡ። «ዝም በሉ። የአንድ ወገን ሰምቶ አይፈረድም። ታላቁን አስጠሩልኝ። የት ነው የሚገኘው?»

«ሀጂ፣ ልቦለድ እኮ ነው» አለች ናዲያ። «ሰዎቹ የሉም። ደራሲው ነው የፈጠራቸው።»

«የሉም?» ሀጂ ሐምዛ ዙሪያውን ቃኙ። «የሌለ ሰው ነው እንዲህ ያናደደኝ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይኼኛው ሳቅ በእሷ ላይ አልነበረም።

ሀሩን ብቻ አልሳቀም። «መጨረሻውስ?» አለ።

መጨረሻውን ታውቀዋለች። ማለሳለስም ትችላለች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ ብትል ሁሉም ደስ ብሎት ይመርቃታል። አጎቷን አየችው። አባቷን አየችው።

«ታናሹ ግማሹን ሰጠው» አለች። «የጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ‹ለፋህልኝ› እንዲለው። ታላቁ ድርሻውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ሄደ። ታናሹ በሩ ላይ ቆሞ እስኪርቅ አየው፤ ከዚያ ገብቶ ወፍጮውን አስነሳ። እዚያ ላይ ያልቃል።»

ውጭ የሚኒባስ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ ይጣራል።

«ይሄ ፈረንጅ» አለ ሀሩን ቀስ ብሎ፣ «የኛን ቤት ነገር ማን ነገረው? ታላቅና ታናሹን ብቻ ነው ያዘዋወረው።» ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ ብለኸኝ ነበር። ይቺን አሁን አወቅኩ። ልጄ ይሄንኑ ትማር።»

ሙዘሚል ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ሀጂ ሐምዛ መዳፋቸውን ዘረጉ። «የምትማሪው ይግባሽ። የገባሽን የምትናገሪበት አንደበት አላህ ይስጥሽ።»

«አሚን» አለ ቤቱ። ሙዘሚል ያቺን «ለፋህልኝ» የምትል ቃል ለወንድሙ አላላትም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይላትም። እጁን ግን ዘረጋ፤ ከሁሉም መጨረሻ።

ናዲያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እናቷ ወዳለችበት ወጥ ቤት ገባች። ስልኳን አወጣች። ለዘሃራ የጻፈችው እዚያው ሳይላክ ቆሟል። ሰረዘችው።

«የወፍጮዋ ልጅ» ሲሉ ተጣሩ ሀጂ ሐምዛ ከሳሎን። «ሌላ አለሽ?»

ስልኩን እናቷ እጅ ላይ ትታ ተመለሰች።