ሰባተኛው ስልት

አስካለማርያም በዕድሜዋ የደበደበችው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የደበደበችው በታይፕ ነው። ተደብዳቢዋ ከአንኮበር ቁልቁለት ግርጌ፣ አልዩ አምባ የምትኖር ሴት ነበረች፤ መደብደቧንም ለሳምንታት አላወቀችም።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው። አስካለ የቄስ ገብረ ጻድቅ ልጅ ስትሆን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሹራብ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም፣ ጎንበስ ብሎ የሚራመድ ሰው ለተማሪዎች ሹራብ ሊያዝ መጣ። ጠረጴዛዋ ፊት ቆመና የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ጣቶቿን ያይ ጀመር።

«ምን ፈለጉ?» አለችው።

«ግራ እጅሽ ከቀኙ ይፈጥናል» አላት። «ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር። ሃያ አራት ዓመት አብሯት የኖረውን እጅ ያን ዕለት አዲስ አድርጋ አየችው። ሰውየው ዘርአ ዳዊት ይባላል፤ የስፖርት መምህር፣ የአንኮበር ልጅ። ሹራቡን ሳያዝ ሄደ። በማግስቱ ሊያዝ ተመልሶ መጣ። በሳልስቱ የልክ ስሕተት አለ ብሎ መጣ። ስሕተት አልነበረም።

ዘርአ ዳዊት አንድ ጨዋታ ነበረው፤ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ህንዳዊ መምህር ያስተማረው። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የፈለገውን ሰው ይሆናል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዱ መነኩሴ። ዘርአ ዳዊት መንገዱን ይተርካል፤ ወንዝ ሞላ ይላል፣ ጅብ መጣ ይላል። እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ዳይ ተጥሎ ይወሰናል። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ በሒሳብ መምህሩ በወልደተንሣኤ ቤት ይገናኛሉ፤ አስካለም ገብታበታለች፤ አምስት ሰው ተሰብስቦ ምን ይመክራል እንዳይባል በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ጊዜ ሊጠይቅ ገብቶ፣ ነጋዴ ሆኖ ተጫውቶ፣ ወንዝ ዳር ተዘርፎ፣ ተቆጥቶ ወጥቷል። በሚቀጥለው እሑድ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው።

ህንዳዊው ትቶለት የሄደው የጨዋታ መጽሐፍ ሰው ከሰው ሲጋጠም ስለሚዋጋባቸው ስልቶችም ይናገር ነበር፤ ሁሉም ግን ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ናቸው። ዘርአ ዳዊት በዓይኑ ያላየውን የማይጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ ያገሩን ስልት ራሱ እየዞረ ሊመድብ ተነሣ። ለእያንዳንዱ አራት መለኪያ አወጣ፤ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ትዕግሥትና እግር። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ይሰጣል፤ ሲጫወቱ ዳዩ ላይ የወጣው ቁጥር ከዚህ ጋር ይደመራል። ከአረርቲ ጅራፉን፣ ከሰላ ድንጋይ ረጅሙን ዱላ፣ ከጎረቤላ ትግሉን እያየ መዘገበ። ካራቴን ያስመዘነው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፊልም ያየ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲዘል ሱሪው ስለ ተቀደደበት እግር ላይ አራት ብቻ ተሰጥቶት አኩርፎ ሄደ።

ወረቀት ብርቅ ነበርና ዘርአ ዳዊት የሚጽፈው በእርሳስ ነው። አስካለ በምሳ ሰዓት በካርቦን አምስት ቅጂ ትመታለታለች፤ ከዚያ እርሳሱን በላጲስ አጥፍታ ወረቀቱን ትመልስለታለች። ሲቀባበሉ እጃቸው ይነካካል፤ ሁለቱም እንዳላወቁ ይሆናሉ። እንዲህ እያሉ ስድስት ስልት ጨረሱ።

ሰባተኛውን ይዞ የመጣው ከአልዩ አምባ ነው። እስከዚያ ለአንድ ስልት አንድ ገጽ ነበር የሚጽፈው። ይህኛው አራት ገጽ ሆነ።

«ዓወል የሚባል ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሰሊሃ» አላት፤ ገና የመንገዱ አቧራ ከጫማው አልወረደም። አባቷ ወንድ ልጅ ስለሌለው አህያ ጭና ቆላ የምትወርደው እሷ ናት፣ ዱላም አባቷ ነው ያስተማራት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም እያለ አወራ። ወረቀቱን ሲሰጣት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ የመጨረሻው ነው። ይህ ሲያልቅ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።»

የሚነግራት ምን ሊሆን ይችላል? ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቧ በደስታ በመታ። አሁን ግን አራቱን ገጽ በእጇ ይዛለች።

ለብቻዋ ስትሆን አነበበችው። «ዱላውን ወገቡ ላይ ትይዛለች» ይላል። «አትቸኩልም፤ የሚመጣባትን ሰው እስኪደክመው ታየዋለች።» ሦስተኛው ገጽ ላይ የእግር አረማመዷን ስሎታል፤ ጣቶቹን ሳይቀር፣ ትንሿን ጣት ሳይቀር። የሰው እግር ጣት ለመሳል ስንት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል? አስካለ ራሷን ይህን ስትጠይቅ አገኘችው። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ከሁሉ የሚደንቀው ግራ እጇ ነው» የሚል አለ።

እዚህ ላይ ቆመች። ግራ እጅ የእሷ ነበር።

ወረቀቱን ታይፕ ውስጥ አስገባች። ጉልበት ሦስት ይላል፤ ሦስት መታች። ፍጥነት አምስት፤ አምስት መታች። ትዕግሥት ስድስት ይላል፤ ጣቷ ሁለት ላይ ወደቀ። እግር ስድስት ይላል፤ ደግማ ሁለት መታች። ካርቦኑ ሁለቱን በአምስቱም ቅጂ አሳለፈው። ከዚያ ላጲሷን አንስታ እውነተኛውን ቁጥር አጠፋች፤ ከጣቶቹ ጋር።

እሑድ ወልደተንሣኤ ሰባተኛውን ስልት መረጠ፤ ዘርአ ዳዊት ሲያወድሰው ሰምቶ ነው። መጀመሪያ በጅራፍ ተሸነፈ። ቀጥሎ በትግል። በመጨረሻ ያ ሱሪው የተቀደደው ካራቴ ገደለው።

«ይቺ ሴትዮህ» አለ ወልደተንሣኤ ለዘርአ ዳዊት፣ «ጅብ እንኳ የምታባርር አይመስለኝም።»

ሁሉም ሳቁ። አስካለ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ዘርአ ዳዊት ግን ወረቀቱን ትኩር ብሎ እያየ ነበር።

«ሁለት ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«የጻፍከውን ነው የመታሁት» አለችው። ወረቀቱን እንጂ እሱን አላየችም።

ለአመል ያህል እንኳ አልጠረጠራትም። «እንግዲያው ዓይኔ ነው የተሳሳተው» አለና በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ አልዩ አምባ ወረደ።

አስካለ ያላሰበችው ይህን ነው። ተመልሶ መጥቶ፣ አሁንም ስድስት መሰለኝ፣ ግን በፊት ሁለት ካልኩ የቱን ልመን አለ፤ ሌላ ቀን ማየት አለብኝ ብሎ በሳምንቱ ደግሞ ወረደ። አሁን ቅዳሜዎቹ ሁሉ የሰሊሃ ሆኑ። እነግርሻለሁ ያለውም ነገር እንደ ተንጠለጠለ ቀረ፤ ሰባተኛው አላለቀማ። አስካለ የሹራብ ደብዳቤዎች ላይ ፊደል መግደፍ ጀመረች። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ጎረቤላ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ከዚያ በእግር ቁልቁል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በቃሏ ያዘች። አሁን ደርሷል ትላለች። አሁን ዱላ አንስታለች። አሁን እግሯን እያየ ነው።

በአራተኛው ሳምንት፣ «እኔም ልይ» አለችው።

ደነገጠ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። ላባቷ ጎረቤላ ያለችውን አክስቷን ወይዘሮ አልታየችን ልጠይቅ ብላ ዓርብ ሄደች፤ እዚያው አደረች። ቅዳሜ ጠዋት ዘርአ ዳዊት ከእናቱ ቤት መጥቶ ወሰዳት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እጁን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ብርዱ ከኋላቸው ቀረ። ነጠላዋን አውልቃ ክንዷ ላይ አደረገች።

ሰሊሃ እንደፈራቻት ቆንጆ ነበረች። አስካለ በዚህ ተናደደች፤ በትንሹ እንኳ ብታንስ ምን ነበረበት። ሽማግሌው ዓወል ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዘርአ ዳዊትን ሲያዩ፣ «ደግሞ መጣህ ልጄ» አሉት፤ እንደሰለቸ ሰው ሳይሆን እንደለመደ ሰው። ሰሊሃ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ዱላ ወረወረችለት።

ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ። ሦስቱንም ጊዜ ዘርአ ዳዊት ሲቸኩል ጠበቀችው፤ ሲደክመው በግራዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነካችው፤ ዱላው መሬት ወደቀ። አስካለ ሁሉን አየች። ስድስት ነው። ለማንም ሰው ስድስት ነው።

ዘርአ ዳዊት እያለከለከ ራሱን ነቀነቀ። «ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ነው» አለ። ዓወል፣ ወረቀትህን ተወውና ና አህያዬን እይልኝ፣ ያነክሳል ብለው ይዘውት ወደ ጓሮ ዞሩ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

«ሁለት አለ?» አለች ሰሊሃ። «የመጀመሪያ ቀን ስድስት ብሎ ጽፎ አሳይቶኛል። ፊደሉ ገና ያስቸግረኛል፤ ቁጥሩን ግን በመሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። የምትመቺለት አንቺ ነሽ ብሎኛል።»

የዱላዋ ጫፍ የአስካለን ቁርጭምጭሚት ቀስ ብሎ ነካ።

«ከመጣሽ ጀምሮ ፊቴን ነው የምታዪው። ፊቴን የሚያይ ሰው ሁሌ እዚህ ጋ ይመታል።» ዱላውን መለሰችው። «እህቴ፣ ስድስት ብታደርጊኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይበቃው ነበር። ሁለት አደረግሽኝና ይኸው በየሳምንቱ ይመጣል። ወላሂ ሥራ አስፈታን። ጥጡን ማን ወስዶ ይሽጠው?»

አስካለ ዕንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ መጣባት፤ ሁለቱን ባንድነት ልትይዝ አቃታት። ሰሊሃ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት።

ዳገቱን ሲመለሱ፣ እኩሌታው ላይ አንድ ድንጋይ ላይ አረፉ። ዘርአ ዳዊት አሁንም ቁጥሩን እያብሰለሰለ ነው።

«ዘርአ» አለችው፣ «ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ የጻፍከው ጉልበት ሦስት፣ ፍጥነት አምስት፣ ትዕግሥት ስድስት፣ እግር ስድስት ነው። ከዚያ አጠፋሁት።»

ዘርአ ዳዊት ወደ እሷ ዞረ።

«ለምን?»

«አራት ገጽ ጻፍክላት።»

ሌላ የምትለው ብዙ ነበር፤ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ግራው እጅ። ሲወጣ ግን ይኸው ብቻ ሆነ። ዘርአ ዳዊት ቆላውን ቁልቁል እያየ ቆየ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ጠረጠርኩ» አለ በመጨረሻ። «አንቺን ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።»

ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። በየመታጠፊያው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ስትደርስ ሳይናገር ይቀጥላል። እስከ አክስቷ በር እንዲሁ ሄዱ።

ሁለት እሑድ አለፈ። ወልደተንሣኤ ማኅበሩ ድረስ መጥቶ፣ ምን አደረግሽው፣ ጨዋታው ውስጥ ሰውን ሁሉ በውኃ ሙላት እየጨረሰብን ነው አላት። አስካለ ሰባተኛውን ስልት እንደገና መታች፤ አምስቱንም ቅጂ በትክክለኛው ቁጥር። በወልደተንሣኤ ላከችለት። መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ የበሩ መጋረጃ በተነቃነቀ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

በሦስተኛው ሰኞ መጋረጃውን ገልጦ የገባው ዘርአ ዳዊት ነው። እንደማንኛውም ደንበኛ ጠረጴዛው ፊት ቆመና በእርሳስ የተጻፈ አንድ ወረቀት አስቀመጠ።

«የሚመታ አለኝ» አላት።

ስምንተኛው ስልት ይላል። «ባለቤት፦ ደብረ ብርሃን የምትኖር ጸሐፊ። አያያዝ፦ በሁለቱም እጅ፤ ግራው ይፈጥናል፤ ይህን ከማንም በፊት አይቻለሁ። ጉልበት አንድ። ፍጥነት ስድስት። እግር አራት፤ የአንኮበር ዳገት ላይ ታይቷል።» ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። አንድ ገጽ ብቻ ነበር። አስካለ ግን ሳትቆጥረው አለፈች።

«ትዕግሥቱ አልተጻፈም» አለችው።

«እሱን አላውቀውም። አንቺ ሙዪው» አላት። «የምትጽፊውን አምናለሁ።»

ወረቀትና ካርቦን አስገባች። እሱ ጣቶቿን ሲያይ ይታወቃታል፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። እስከ መጨረሻው መስመር መታች፤ ቆም አለች፤ ከዚያ በሰሊሃ ላይ የጫነችውን ቁጥር ለራሷ መታች።

ዘርአ ዳዊት ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁለት?»

«ሁለት» አለችው። አሁን ዓይኑን ነበር የምታየው። «እነግርሻለሁ ያልከው ነገር ሽማግሌ የሚያስልክ ከሆነ ቶሎ ላክ። ያለኝ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ቤት ይኖሩ እንደሆነ ጠየቃት። ይኖራሉ አለችው። የታይፑን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።

አስካለ የእርሳሱን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችና እንደ ልማዷ ላጲሷን አነሣች። ላጲሱ «ግራው ይፈጥናል» የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል እጇን ያዝ አደረገች። ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ መልሳ ዘጋችበት።