ለብ ያለ ውሃ

የፖሊስ ሻምበሏ ኔሬይዳ ፑፖ የሬሳውን ፋሻ አስፈትታ ሁለቱንም እግሮች አየች። ቃጠሎው ከጣቶቹ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀጥ ብሎ ያበቃል፤ ሽማግሌው ኤቬሊዮ ቀይ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ከዚያ በላይ አንድ ፍንጣሪ እንኳ አልነካውም። የገደለው የቁስሉ መመረዝ ነበር።

የጂባራ ከተማ ሰው እንደ ልማዱ ፖሊስን ቀድሞ ፈርዷል፤ ገዳዩ የእንጀራ ልጁ ኦስመል ነው። ኤቬሊዮ «እኔ በቁሜ ይቺን ቤት አታገኛትም!» ሲለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ኦስመልን ካቴና ውስጥ ያስገባው ግን የጎረቤት ወሬ ሳይሆን የገዛ እናቱ፣ የሟቹ ሚስት የኦብዱሊያ ቃል ነው።

«እግሩን በጨው ውሃ የምዘፈዝፍለት እኔ ነኝ» አለች ኦብዱሊያ። «ውሃውን በእጄ ሞክሬ፣ ለብ ማለቱን አይቼ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አስገባሁለት። ከዚያ ለዳቦ ልሰለፍ ወጣሁ። ቤት የቀረው ኦስመል ብቻ ነው። ምን ልበል ልጄ? ልዋሽ?»

ኦስመል ሳቀ፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር። «ተኝቼ ነበር አልኩ። የወለደችኝ ካላመነችኝ እናንተማ!»

ኔሬይዳ ኤቬሊዮን ታክም የነበረችውን የእግር ሐኪም ሚግዳሊያን ጠየቀቻት። «ሰውየው እንዴት አልጮኸም?»

«ቢሰማው አይደል የሚጮኸው? የስኳር በሽታው የእግሩን ስሜት ጨርሶታል፤ ምስማር ቢወጋው አያውቅም ነበር። ‹እትዬ፣ እባክሽ አትዘፍዝፊው› ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ‹እናቴም ለአባቴ እንዲህ ታደርግ ነበር› ነው መልሷ።»

በማግስቱ ሁሉም፣ ኦስመልም ከነካቴናው፣ ኦብዱሊያ ማድቤት ተሰበሰቡ። ምድጃው ላይ የጥቁር ባቄላ ሾርባ ይፈላል። ኦብዱሊያ ከጓሮ ወንበር ይዛ ስትገባ ኔሬይዳ አንድ ነገር አየች፤ ጎንበስ ብላ ከደጃፉ አነሳችው።

«የፈላ ውሃ በኋላ የጨመረ ሰው ቢኖር፣ የውሃው ልክ ከፍ ይል ነበር» ብላ ጀመረች። «እማማ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው ያሉት። ቃጠሎውም እዚያው ነው ያበቃው። ስለዚህ ማንም አልጨመረም። ውሃው ከመጀመሪያውም የሚፋጅ ነበር።»

ኦስመል ብድግ አለ። «እና እናቴ ዋሸች?»

«አልዋሹም። እውነትም በእጃቸው ሞክረዋል።» ያነሳችውን ነጠላ ጫማ አሳየች። «እማማ፣ ይሄ ደጃፉ ላይ ወልቆ ቀርቷል። በአንድ ባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ረግጠው ሲገቡ አልታወቀዎትም።»

ኦብዱሊያ እግሯን አየችና አፈረች። «እርጅና ነዋ! ውይ፣ ሾርባዬ ገነፈለ!»

ማንም ሳይደርስባት የሚንተከተከውን ድስት በባዶ እጆቿ፣ በብረት ጆሮዎቹ ይዛ አወረደችው። ሚግዳሊያ ጮኸች። ኦብዱሊያ ድስቱን ቀስ ብላ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ አስቀመጠች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። ከዚያ መዳፎቿን አየች። ቆዳው ተነስቷል።

ኔሬይዳ ቀሪውን ባትናገር ደስ ባላት ነበር። «የኤቬሊዮ ሕመም እርስዎም ላይ አለ። ከእግርዎ አልፎ እጅዎ ደርሷል። ውሃው ይፋጅ ነበር፤ ለአፍታ የነካው እጅዎ ግን አልሰማም።»

«እኔ ነኛ» አለች ኦብዱሊያ። «በገዛ እጄ።»

ኔሬይዳ የኦስመልን ካቴና ፈታች። ሚግዳሊያ የእናቱን መዳፎች በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዛ በፋሻ ጠቅልላ ስትጨርስ፣ እሱ ወደ እናቱ ሄዶ ግራ እጇን ያዘ። ኦብዱሊያ ቀና ብላ አየችውና ዓይኖቿን ጨፈነች።

«አሳልፌ ሰጠሁህ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ኦስመል ፊቷን ሲያይ ቆየ። ይቅር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ።

«እንዲሁ ያዘኝ» አለች ኦብዱሊያ፣ ዓይኖቿን እንደጨፈነች። «እንዳትለቀኝ።»

ኔሬይዳና ሚግዳሊያ ተያዩ። መሄዱን ሁለቱም አልነገሯትም።