ሁለት ቀንደ መለከቶች በሁለት ወንበር ላይ

የሙዚቃ ደራሲው ካስፓር ሎይዶልት ከልምምድ አዳራሹ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍሉ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ ከብረት ምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፤ በቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ገና በቅጡ ያልደረቀ ቀለም አለ። መርማሪ ኦትማር ሽቴግ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። ከንፈሩ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው ማየት የጀመረው።

«ገዳዩ ተይዟል ጌታዬ» አለ በሩ ላይ የቆመው አስር አለቃ ደረቱን ነፍቶ። «ኖታ ገልባጩ ነው። እጅጌው በደም ርሷል። ትናንት ደግሞ ሟቹ በሰው ሁሉ ፊት ወረቀቱን ፊቱ ላይ በትኖበታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ምንም» አለ ሽቴግ። «የገልባጩ ጩኸት ከተሰማ ወዲህ ወደዚህ የገባ አለ?»

«ዝንብ አልገባችም።»

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾሙ የቪየና ቴአትር ቤቶች ስለሚዘጉና የሙዚቃ ዝግጅት ብቻ ስለሚፈቀድ ሲምፎኒ ወዳዱ ሁሉ ይህን ወር ነው የሚጠብቀው። ሽቴግ ኖታ ማንበብን ከማንም አልተማረም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቆሞ በመስማት፣ የተጣለ ወረቀት እየሰበሰበ በማገላበጥ ለመደው። ቅዳሜ የሎይዶልትን አዲስ ሲምፎኒ የሚሰማበት ቲኬት አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

የሲምፎኒው ዋና ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ። የቀንደ መለከቶቹ መስመር ተሰርዞ አዲስ መስመር ከላዩ ተጽፏል፤ ቀለሙን ለማድረቅ የተነሰነሰው አሸዋ እንኳ አልተራገፈም። ሽቴግ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ አዜመው። ዜማው ያው ነው፤ ከከፍታው ግን ወርዷል። በወረቀቱ ዳርቻ የተጻፈውን አጭር መስመር ሁለት ጊዜ አነበበና ጥራዙን በብብቱ ይዞ ወጣ።

የየተጫዋቹን ወረቀት ከዋናው ጥራዝ የሚቀዳው ኖታ ገልባጭ ቬንዘል ክራቶክ እጁ ታስሮ መተላለፊያው ላይ ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

«ላነሳው ብዬ ነው የነካሁት ጌታዬ። የሞተ አልመሰለኝም። ይሰቅሉኛል አይደል?»

«ዛሬ ጠዋት ዋናውን ጥራዝ አይተኸዋል?»

«ልምምዱ ሳይጀመር ከተጫዋቾቹ ወረቀት ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። ትናንት አንዲት ኖታ ብስት ነው ያን ሁሉ ውርጅብኝ ያወረደብኝ። ዛሬ የዝንብ ኩስ ቢያርፍበት አያመልጠኝም ነበር።»

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ቀንደ መለከቶቹ የትኛውን ጥምዝ ይሰካሉ?»

«አጭሩን። ሁለቱም አጭሩን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንገቴ ገመድ ውስጥ ገብቶ እዋሻለሁ እንዴ?»

ቀንደ መለከት ለየቅኝቱ የሚሰካና የሚነቀል ጥምዝ ቱቦ አለው። አጭሩ ጥምዝ ድምፁን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ከንፈርንም ያደክማል። ረጅሙ ድምፁን ያወርደዋል፤ ያለዝበዋል።

አዳራሹ ውስጥ አርባ ወንበር ባዶውን ቆሟል። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ሩብ ሰዓት እረፍት ሲሰጥ ተጫዋቾቹ በአንድነት ማዶ ወዳለው ቢራ ቤት ተሻግረው ነበር፤ የተመለሱት ክራቶክ ሲጮህ ነው። ሕንጻው ውስጥ የቀሩት ክራቶክ፣ የቫዮሊኖቹ አለቃ አሎይስ ራድልና ሁለቱ ቀንደ መለከት ነፊዎች ብቻ ናቸው።

«እኔና ዚማ ደረጃው ላይ ፒፓ እያጨስን ነበር» አለ ራድል።

«የቫዮሊን አለቃና ሁለተኛ ቀንደ መለከት አንድ ደረጃ ላይ?»

«ጭሱ ማዕረግ አያውቅም ጌታዬ» አለ ዚማ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጉንጨ ሰፊ ሰው።

«መምህር ራድል፣ ሎይዶልት ከሌለ ኦርኬስትራውን የሚመራው ማን ነው?»

ራድል ፊቱ ቀላ። «እኔ። ተመኝቼውም ነበር፣ አልክድም። እንዲህ ሆኖ ግን አይደለም።»

«አንተስ ዚማ፣ መሣሪያህን የት ተውከው?»

«አጭሩን ጥምዝ ሰካሁና ወንበሬ ላይ አጋድሜው ወጣሁ።»

የመጀመሪያው ቀንደ መለከት ነፊ ዬሬምያስ ፕሎደር ከቦታው አልተነሳም። ጸጉሩ የሸበተ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ነው፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

«እርስዎስ ቢራ አላማረዎትም?»

«ቢራ ከንፈር ያላላል። በኔ ዕድሜ የቀረኝ ከንፈር ብቻ ነው። ከትንፋሼ የተጠራቀመውን ውሃ ከቀንዴ አፈሰስኩ፣ ለሁለተኛው ክፍል አሰናዳሁት፣ ተቀመጥኩ። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«እሱም ከንፈር ከቀረ ነው» አለ ራድል ወደ ጎን። «በዚህ ሳምንት ያቺን ላይኛዋን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰነጠቃት።»

«ኧረ ይተዉ መምህር!» አለ ዚማ።

ሽቴግ ሁለቱን ወንበሮች እያየ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉንም ከመድረኩ ፊት ሰበሰባቸው። ክራቶክንም እንደታሰረ አመጡት።

«አስር አለቃው እንደሚለው» ሲል ጀመረ ሽቴግ፣ «ክራቶክ ተናዶ ገድሏል። ሊሆን ይችላል። ግን በመጀመሪያ ይህን ጥራዝ እንየው። ጠዋት ክራቶክ ሲያስተያየው አጭሩን ጥምዝ ይል ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ልምምድ ጊዜ ጥራዙ ሎይዶልት ፊት፣ እዚህ መድረክ ላይ ነበር። እዚህ ቀለም አለ?»

«ቀለምማ እሱ ክፍል ነው ያለው» አለ ራድል።

«እንግዲያው ሎይዶልት ዜማውን የለወጠው በእረፍቱ ነው፤ ሊሞት ደቂቃዎች ሲቀሩት። አሁን የሚለው ረጅሙን ጥምዝ ነው። ይህን እዚያ ክፍል ከገባ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ክራቶክ ጮኸ፣ ወዲያው ተያዘ፣ በሩ ተጠበቀ። እናንተ ፊት የተቀመጡት ወረቀቶች እስካሁን አጭሩን ነው የሚሉት። ዚማ፣ መሣሪያህን አንሳው።»

ዚማ አነሳው። ጥምዙ መዳፍ የማይሞላ ነበር።

«አሁን የመምህር ፕሎደርን።»

ዚማ እጁን ዘረጋና ሳይነካው ቀረ። በሽማግሌው ቀንደ መለከት ላይ የተሰካው ጥምዝ የሾርባ ሳህን ያክላል።

«ሰው ሥራው ያደረገውን ነገር ሳያስበው ያደርገዋል» አለ ሽቴግ። «መምህር ፕሎደር፣ ከወንበሬ አልተነሳሁም ብለውኛል። ታዲያ ይህን ማን ነገረዎት?»

ፕሎደር ወደ መሣሪያው ዞሮ እንደ እንግዳ ዕቃ ተመለከተው።

«እኔ እንጃ። እጄ ነው» አለ። «እጄ ነው የሰካው።»



«ዜማዬን ለዚማ ሊሰጠው ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ልለምነው ገባሁ። ብዕሩን ይዞ መስመሬን ሲሰርዝ ደረስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍቼለታለሁ! ‹ተቀመጥ፣ ልጨርስና አሳይሃለሁ› አለኝ። አልጠበቅሁትም። ትከሻውን ይዤ ከወንበሩ አሽቀነጠርኩት።» ወደ ጥራዙ ጠቆመ። «ከወደቀ በኋላ ነው የጻፈውን ያየሁት።»

ሽቴግ ጥራዙን ከፍቶ ከዳርቻው አነበበ። «‹ለፕሎደር ከንፈር እንዲመች። ከእሱ በቀር ማንም እንዳይጫወተው።›»

ዚማ ፊቱን አዞረ።

«ክራቶክን ሲያስሩት ግን ዝም አሉ» አለ ሽቴግ ቀስ ብሎ።

«ዝም አልኩ። መግፋቴንስ ንዴት ነው እላለሁ። ይሄኛውን ምን እንደምለው አላውቅም።» ወደ ኖታ ገልባጩ ዞረ። «ቬንዘል...»

አስር አለቃው የክራቶክን እጅ ፈታ። ክራቶክ እጁን እያሻሸ ሽማግሌውን አየው። ጥራዙን ከሽቴግ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደና አዲሱን መስመር ለመገልበጥ ብዕሩን መቅረጽ ጀመረ። 

አስር አለቃው የፕሎደርን ክንድ ያዘ። ሽማግሌው «አንዴ» አለና ረጅሙን ጥምዝ ከቀንዱ ነቅሎ ለዚማ ዘረጋለት።

«ያንተው ረጅም ጥምዝ ጥሩ አይደለም፤ መጋጠሚያው አየር ያስወጣል። ይህን ውሰድ።»

«ማንም እንዳይጫወተው ነው እኮ የሚለው መምህር።»

«እኔ ቅዳሜ የት እንደምሆን ታውቃለህ። ዜማው ደግሞ ሳይሰማ መቅረት የለበትም።» የጥምዙን ናስ በአውራ ጣቱ ወለወለው። «ናስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። ከመግባትህ በፊት ብብትህ ውስጥ አሙቀው።»

ይዘውት ወጡ። ዚማ ጥምዙን ኮቱ ውስጥ ሸጎጠ፤ የፖሊሱ ጋሪ ከግቢው ወጥቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በክንዱ ጥብቅ አድርጎ ይዞት ቆመ።