በሰም የተደፈነ ጣሪያ

ወሰንየለሽ ከዘመሮ ገበያ ስትመለስ ጣሪያዋ ላይ ሶላሩ የለም። ባትሪውም ከመደቡ ተነሥቷል። እንድትሞላላቸው ሰዎች የሰጧት ስልኮች ግን እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱም አልተነካም።

ሳጅን ይታየው በማግስቱ በእግሩ መጣ። የእሱም ስልክ ከነዚያ አንዱ ስለነበር የደወለለት ሰው አልነበረም፤ ወሬውን በመንገደኛ ነው የሰማው። የመንዝ ብርድና ዳገት ጉልበቱን ጨርሶታል። ዝውውር መጠየቁም ከሰለቸው ቆይቷል።

"ማንን ትጠረጥሪያለሽ?"

"ምን አውቄ ሳጅን! ባሌ ሲሞት በሬዎቹን ሸጬ ይህን ቤት ከአቶ ወልደ ጻድቅ የገዛሁት ለሶላሩ ብዬ ነው። የሚያርስልኝ የለ። ልጄን የማስተምረው ስልክ እየሞላሁ ነው። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ላስወጣት?"

ይታየው መሰላል አስጠግቶ ወጣ።

ቆርቆሮው አልተቀደደም። ብሎኖቹ በመፍቻ ተፈትተዋል። ቀዳዳዎቻቸው ደግሞ አንድ በአንድ ተደፍነዋል። ይታየው በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተ። የጧፍ ሰም ነው።

ዝናብ እንዳይገባባት የሚሳሳላት ሌባ! ብዙ ሌባ ይዟል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞት አያውቅም።

የሰሙ ወሬ ወዲያው ቢናኝም መንደሩ ጣቱን የቀሰረው ስንታየሁ ላይ ነበር። ስንታየሁ በጄኔሬተር ስልክ ይሞላ የነበረ ባለሱቅ ነው። ወሰንየለሽ ከመጣች ወዲህ ደንበኛ ሸሽቶታል፣ እንጀራዬን ቀማችኝ ሲልም ያልሰማ የለም።

"ትናንት የት ነበርክ?"

"መሐል ሜዳ። ለጄኔሬተሬ ካንዴላ ፍለጋ።"

"ማን አየህ?"

"የሚኒባሱ ሰው ሁሉ። ጎማ ተንፍሶብን ዳገቱ ላይ ነው የዋልነው።"

"ሱቅህን ልፈትሽ።"

"ይፈትሹ እንጂ! እኔ ብሰርቅ ለዚያች ሴትዮ ቀዳዳ ልደፍንላት ኖሯል?"

ይታየው ሳቁ መጣ። ሱቁን ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። ጄኔሬተሩ ያለ ካንዴላ ተጋድሟል። መሸበትና እዚያው መንደር አደረ።

ጎህ ሲቀድ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ጸሎት ተሰማ። ይታየው የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ አዳመጠ። የአቦን ድምፅ ማጉያ አገር ያውቀዋል። ባትሪው ስለሚደክም መሐል ላይ ማንቋረር ይጀምርና ይሞታል። ዛሬ ግን ኪዳኑ እስኪያልቅ ድምፁ ጥርት ብሎ ዘለቀ።

ጧፍ፣ ቀጥሎ ይህ። ይታየው ደስ አላለውም። ከቤተ ክርስቲያን ጋር መካሰስ የሚፈልግ ፖሊስ የት አለ? ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ሶላሩ ከመንገድ በማይታየው በኩል፣ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ቄስ መርስዔ ኃዘንን ከሥሩ ቆመው አገኛቸው።

"አባ፣ ይህን ማን አመጣው?"

"ስለት ነው ልጄ።"

"የተሰረቀ ነው።"

"ትናንት ሰማሁ። ግን አንዴ ለአቦ የገባን ስለት በየት እጄ ላውጣ? ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

"የማን ስለት?"

ቄሱ ወደ ግንቡ ጥግ አዩ። አቶ ወልደ ጻድቅ፣ ቤቱን ለወሰንየለሽ የሸጡት ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ለመሸሽ አልሞከሩም።

"ልጄ ጽናት ታማብኝ ተሳልኩ" አሉ። "ከዳነች ሶላሩን ለአቦ አገባለሁ አልኩ። ዳነች።"

"ታዲያ ለምን ሸጡት?"

"ቤቱ ያለ ሶላሩ ገዢ አጣ። ሌላ እገዛለታለሁ እያልኩ አዘገየሁት። በቀደም ጽናት እንደገና ወደቀች። አቦ ቢቆጣኝ ነው። እኔ ሌባ አይደለሁም።"

"ሰሙስ?"

"ያን ቤት የሠራሁት በእጄ ነው። ሲያፈስባት አልወድም።"

ወሰንየለሽም ወሬው ደርሷት እየሮጠች መጣች።

"አይዞሽ፣ አወርድልሻለሁ" አላት ይታየው።

"ቢያወርዱልኝስ? ከአቦ ጣሪያ የወረደ ሶላር ላይ ስልኩን የሚሰካ ማን ነው?"

እውነቷን ነው። አቦን ፈርቶ አንድ ሰው ደጇን አይረግጥም። ሌባውም ዕቃውም ተገኝቶ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ልትቀር ነው።

እሷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ጋሼ፣ ለአቦ የሰጡት የማንን ዕቃ ነው?"

ሽማግሌው ወደ ሶላሩ ቀና አሉ።

"የእኔን ነው። እንግዲያው ስለቱ የእኔ ሆኗል። የእርስዎ እንዳለ ነው፤ ገና አልከፈሉም።"

ፖሊስ ሲመጣባቸው ያልደነገጡት ሰውዬ አሁን ደነገጡ። ዓይናቸው ቄሱን ለመነ።

"ልክ ናት" አሉ ቄስ መርስዔ ኃዘን።

"ምን ላድርግ ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

"ሌላ ከነባትሪው ገዝተው ጣሪያዬ ላይ ይስቀሉልኝ። ያን ጊዜ ይኼ የእርስዎ ይሆናል፤ ስለትዎም ይደርሳል።"

"የሕጉ ጉዳይ ግን አይቀርም" አለ ይታየው ድክም ብሎት። "መሐል ሜዳ ጣቢያ እንሄዳለን።"

"በቅሎዬን ልያዛት?"

"ሊቀመጡባት?"

"ልሸጣት።"

ይታየው ዳገቱን ቀና ብሎ አየ። "ይያዟት" አለ።

ወሰንየለሽ ቤቷ ገብታ የሞቱትን ስልኮች በነጠላዋ ቋጥራ ለየባለቤቱ ልትመልስ ተነሣች። ይታየው ሽማግሌውን ይዞ በደጇ ሲያልፍ የራሱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። "ሶላሬ ተሰቅሎ ሲሞላ ይወስዱታል" አለችው።