የልብስ ሰፊዋ መታወቂያ

መታወቂያው የለም።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ገለበጠችው። መቀስ፣ ሜትር፣ ሦስት ቁልፍ፣ የተጨማደደ መሐረብ። መታወቂያ ግን የለም።

«ትናንት እዚሁ ነበር» አለች።

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያት። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ምርጫው የሚካሄደውም እሱ በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ መራጩን ሁሉ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ የሚያየው።

«ፎቶ ያለው መታወቂያ ያልያዘ አይመርጥም። አዲሱ ሕግ ነው» አላት።

«ያደረግከውን ሱሪ ማን ነው ያሳጠረልህ? አሁን እኔን አታውቀኝም?»

ሰልፉ ሳቀ። መዝጋቢው አልሳቀም። «ማወቅ ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ» አለ።

ሰፈሩ በዚህ ሕግ የተነሳ አንድ ወር ሙሉ ሲናከስ ነው የከረመው። ለሰፈሩ ምክር ቤት የሚወዳደሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ «ባለፈው ምርጫ የሞቱት ሁሉ ተነስተው መርጠዋል፣ ፎቶ የሌለው ድርሽ አይበል» ባይ። ሌላው ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ የልብስ ሰፊዋ ባል፤ «ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌዎች ፎቶ ከየት ያምጡ? ሰው በሰው ይመስከር» ባይ። አማት ከምራቷ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተኳረፈው በዚሁ ነው።

መዝጋቢው ለወጉ ያህል መዝገቡን ገለጠና በጣቱ ስሞቹን ወደ ታች ወረደ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ።

«አንቺ እኮ መርጠሻል።»

«ምን?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። መታወቂያ አሳይተሽ፣ ፈርመሽ፣ ትንሿን ጣትሽን ቀለም ነክረሽ።»



ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ዘረጋች። «የታለ ቀለሙ?»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ሳል አለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት። «በረኪና ያስለቅቀዋል፣ እህቴ። የሙሽራ ቀሚስ የሚያነጣ ሰው ቤት ደግሞ በረኪና አይጠፋም።»

እውነቷን ነው፤ የልብስ ሰፊዋ እጅ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰዉ አፍንጫውን ወደ እጇ አዞረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ሁለቴ መምረጥ ያሳስራል። የተወዳዳሪ ባል ወይም ሚስት ሲያጭበረብሩ ከተያዙ ደግሞ ተወዳዳሪውም ይሰረዛል። ሣጥኑ የሚታሸገው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል። እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ ሚስት እስር ቤት፣ ባል ደግሞ ከምርጫው ውጭ።

ፖሊስ ተጠራ።

የመጣው ሃምሳ አለቃ ነው። ሰፈሩ «ቆይ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቤት ሲቃጠል እንኳን መጀመሪያ «ቆይ» ይላል እያሉ ያሙታል። ልብስ ሰፊዋን ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ባሏም ወሬውን ሰምቶ ምላጩን ጥሎ መጥቷል።

«ይሄው ሰው በሰው መስክሮ አየን» አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት።

«ቆይ» አላት ሃምሳ አለቃው። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «መታወቂያሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው የት ነው?»

«ትናንት ማታ፣ ሱቅ።»

«ሱቅ አሁን ማን አለ?»

«እህቴ።»

ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ቀሚሶች። ታናሽ እህትየዋ በሩ ጋ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። አላገባችም። የምትኖረው እህቷ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት። ሰው ሁሉ «እቺ ልጅ ዕድሜ የት ነው የምትደብቀው?» ይላታል።

«ትናንት እዚህ ማን ማን ገባ?» አላት ሃምሳ አለቃው።

«የዳቦ ጋጋሪው ሚስት። ቀሚስ ልትለካ።»

«ቦርሳው የት ነበር?»

«እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ» አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ። «እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ብዙ ቆየች።»

ሃምሳ አለቃው ሊወጣ ሲል እጇን አየ። የግራ እጇ ትንሿ ጣት በጨርቅ ተጠቅልላለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መርፌ ወጋኝ።»

«አይዞሽ» ብሎ ወጣ።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስትጠየቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የመለሰችው።

«እኔ? እኔን ይዞ ከዚያች ጋር በመልክ ያመሳሰለ ሰው ካለ ዓይኑን ይታከም። በሥላሴ ነው የምምለው።»

«ትናንት ቦርሳዋ አጠገብ ተቀምጠሽ ነበር አሉ።»

«ቦርሳው ነው እኔ አጠገብ የተቀመጠው። ስማኝ፣ ሃምሳ አለቃ፣ እውነቱን ልንገርህ? እቀናባታለሁ። ባሏ ለሰው ሁሉ 'ሚስቴ እንዲህ አለች፣ ሚስቴ እንዲያ አለች' እያለ ነው የሚላጨው። የእኔው 'ሚስቴ' ሲል የሰማሁት ምጣድ ሲሰበር ነው። ብሰርቃት እንኳን ባሏን ነበር የምሰርቃት፤ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

«ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ዳቦ ስሸጥ። አርባ ሰው አይቶኛል። መዝጋቢህ ራሱ ሁለት ዳቦ አስልኮ በልቷል።»

መዝጋቢው ጉሮሮውን ጠረገ። እውነት ነበር።

ሃምሳ አለቃው አስተማሪውን ጥግ ወሰደው።

«ጠዋት የመጣችውን በደንብ አይተሃታል?»

«ሦስት ጊዜ። ሕጉ ያለው ፎቶና ፊት አመሳክር ነው፤ የማን ስም እንደሆነ ልብ አላልኩም። ፎቶውን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ እንደገና ፎቶውን አየሁ። እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው የገጠመው። እንዲያውም ገርሞኛል።»

«ምኑ?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ ነው፤ ሴትየዋ ግን አንድ ፀጉር እንኳን አልተለወጠችም። የእኔን መታወቂያ ብታየው የልጄ ነው የሚመስልህ።»

«አሁን ወንበር ላይ የተቀመጠችውስ ፎቶውን ትመስላለች?»

መዝጋቢው ወደ ልብስ ሰፊዋ አየ። ፊቷ ክብ ነው፣ ሁለት አገጭ አብቅላለች። «ዘመድ ትመስላለች» አለ።

«ቆይ» አለ ሃምሳ አለቃው። «እስቲ መዝገቡን ስጠኝ።»

ታናሽ እህትየዋ የምትኖረው እዚያው ግቢ ስለሆነ ስሟ ከእህቷ ስም ቀጥሎ ነው። ፊርማ የለበትም። በራሷ ስም አልመረጠችም።

ሃምሳ አለቃው ወንበር ስቦ ልብስ ሰፊዋ ፊት ተቀመጠ።

«መታወቂያሽ ላይ ያለው ፎቶ የማን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ባሏ አጠገቧ ቆሟል።

«መጀመሪያ እሱን አስወጣልኝ» አለች።

«አልወጣም» አለ ባል።

«ውጣ ስልህ!»

«ሚስቴ ተከሳ የት ነው የምወጣው?»

መሐረቧን በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። ዝም ብትል እስር ቤት ትገባለች፣ እሱም ይሰረዛል። ብትናገር ትዳሯን ታጣለች። ሆድ ሲብሰው አፍ አይዘጋም፣ ተናገረች።

«የእህቴ ነው።»

ሃምሳ አለቃው «ቆይ» አላለም።

«ፎቶ አንሺው በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ ድንች አክሏል። መታወቂያ ደግሞ የግድ ነበር። እህቴን 'እንመሳሰላለን፣ ሂጂና ተነሺልኝ' አልኳት። ተነሳችልኝ። ሲታደስም ያንኑ ፎቶ ነው የምንለጥፈው።»

«ይሄን ለምን ጠዋት አልተናገርሽም?»

አንገቷን ደፋች። «ፎቶ አንሺው የሰጠን አራት ፎቶ ነው። ሦስቱ ለመታወቂያና ለሱቁ ፈቃድ ሆኑ። አንዱን አክስቴ ወሰደችው... ለእሱ ቤተሰብ ልታሳይ። ፎቶውን አይቶ ነው እሺ ያለው። የእኔን አይደለም ያየው። የእሷን ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን አየች፣ አየች፣ ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሃምሳ አለቃው እሷን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እህትየዋ አሁንም ቁልፍ እየተከለች ነው።

«የቱ ጣትሽ ነው የተወጋው?» አላት።

አሳየችው።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «በሥራሽ ዘመን መርፌ ስንት ጊዜ ወግቶሻል?»

«ቆጥሬው አውቃለሁ? አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴን።»

«ትንሿንስ?»

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ አየች። ጨርቅ የሚይዘው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው፤ ትንሿ ጣት ዘወር ብላ ተመልካች ናት። መርፌ እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ይሄን ሥራውን ለጀመረ ሰው እንኳን መንገር አያስፈልግም።

«ፍቺው» አለቻት።

እህትየዋ አልፈታችም። ልብስ ሰፊዋ ራሷ እጇን ይዛ ጨርቁን ተረተረችው። ጣቷ እስከ አንጓዋ ድረስ ሰማያዊ ነው። መታወቂያውም ከቁልፉ ቆርቆሮ ሥር ተገኘ።

«ማን ከፍሎሽ ነው? ዳቦ ጋጋሪው ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እሱን ማን አየው?»

«ታዲያ ለምን?»

እህትየዋ መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰካችና አስቀመጠችው። ዝምተኛ ሰው ሲናገር ደግሞ ለጉድ ነው።

«የመታወቂያ ማመልከቻ ሲገባ በእኔ ፊት፣ በዚህ መልኬ። የሱቁ ፈቃድ ሲወጣ በእኔ ፊት። ባል ሲመጣ በእኔ ፊት። እኔ ግን ጓሮ። ግድግዳው ስስ ነው፣ እትዬ። 'ሚስቴ' ሲልሽ እሰማለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስንት ጊዜ እንዳለ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። የተታለለው እሱ ነው፣ የተሰረቅኩት እኔ ነኝ እያልኩ እተኛለሁ። አንድ ቀን በእኔ ፊት የእሱ ሚስት ልሁን አልኩ። መዝጋቢው ስሙን ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ሚስትነቱንም ጨምሮ አነበበው። 'አቤት' አልኩ።»

«እኔ እስር ቤት እንደምገባ አላሰብሽም?»

«አንቺ መታወቂያው ከጠፋብሽ ቤት ትቀሪያለሽ ብዬ ነው። ማን ሂጂ አለሽ?»

ሃምሳ አለቃው የሚያነጡበትን ባልዲ በእግሩ ነካ አደረገው። «በረኪናው ሁለት እርምጃ ነው። ለምን አላስለቀቅሽውም?»

ጣቷን በሌላኛው እጇ ሸፈነችው።

«ሌላው ሰው ጣቱ ላይ ቀለበት አለው» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ ያየው የለም። ከቤት ነው የመጣው፤ እጁ ላይ አራተኛው ፎቶ አለ፣ አክስትየዋ ያኔ የሰጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ እሱ ዞረች። «የምትለኝን በለኝና ይውጣልህ።»

«ሠርጋችን ቀን ነው ያወቅኩት» አላት።

«ምኑን?»

«አንቺ እንዳልሆንሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ዙሪያ ነው የምውለው። ፎቶው ላይ ያለችው የጆሮዋ ጫፍ ጉንጯ ላይ የተጣበቀ ነው። ያንቺ ይንጠለጠላል። ገና ከመኪና ስትወርጂ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እጅጌዬ ረዝሞብኝ፣ ሰው ፊት እንዴት ልቁም ብዬ ሲያልበኝ፣ መርፌ ከፀጉርሽ ውስጥ አወጣሽና እዚያው ሰበሰብሽልኝ። 'ዝም በል፣ ማንም አያይም' አልሽኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም ዝም አልኩ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታስፈራኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀችም አለቀሰችም፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። እህትየዋ ግን ግድግዳውን ነበር የምታየው። ፊቷ ላይ የነበረው የሃያ ዓመት ልጅ የዚያን ጊዜ ጥሏት ሄደ።

«አውቆ ነው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «አውቆ ነው አንቺን ያገባው?»

 ራሷ ተነሳችና ሃምሳ አለቃውን «እንሂድ» አለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃው ነገሩን ምርጫ ጣቢያው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ነፃ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩም አልተሰረዘም።

«አሁን ልምረጥ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መዝጋቢው መታወቂያውን ተቀበላት፣ ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ። «አይመሳሰልም» አለ።

«ቆይ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ነገር ግን የሚጨምረው ነገር አላገኘም።

ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። «ይሄ ሕግ ሌባ አይገባም ብሎ በሩን ዘጋ። ሌባዋ ቁልፉን ይዛ ገባች፣ ባለቤቷ ደጅ ቀረች።»

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እንኳን ሳቀች። ባሏ አልሳቀም።

እህትየዋ ያስገባችው ወረቀትም ከሣጥኑ አይወጣም፤ የቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ሣጥኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታሸገ። ፀጉር አስተካካዩ አሸነፈ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ቅያሪ ልብስ ይዛ እህቷ ወደታሰረችበት ሄደች። በፍርግርጉ ሰጠቻት። ቆመች። መሄድ ሲገባት አልሄደችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት።

«ጠይቂኝ፣ እትዬ።»

«መጋረጃው ውስጥ ስትገቢ... ማንን ነው የመረጥሽው?»

እህትየዋ ልብሱን አጣጠፈች።

«ድምፅ ምስጢር ነው። ሕጉ ነው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ባሏ ፀጉር ቤት ሄደች። ሰው እየላጨ አገኘችው። መስታወቱ ውስጥ አየችው፤ ደህና አድርጋ፣ እንደ አዲስ ሰው።

«አንተን የመረጠችህ ይመስልሃል?» አለችው።

«ማን?»

«'ማን' ይላል እንዴ?» አለች፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወርውራ ተቀመጠች። «ጨርስ። ሰውዬውን ሸኘውና እንነጋገራለን።»